ምርጥ እንቅስቃሴና መራጩ፤ የሰውነትን እንቅስቃሴ በሒሳብ ለማስረዳት የሚሠራባቸው ጽንሰ ሐሳቦችና የአማርኛ ስያሜዎቻቸው

መግቢያ

ሰው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሲኒ ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ ክንዱ የሚያልፍበት መንገድ አስቀድሞ የተወሰነ አይደለም። እጁ በቀጥታ ሊሄድ፣ ወደ ጎን ሊዞር፣ መጀመሪያ ፈጥኖ ኋላ ሊዘገይ፣ ወይም መጀመሪያ ዘግይቶ ኋላ ሊፈጥን ይችላል። ይሁን እንጂ ልዩ ልዩ ሰዎች ይህንኑ ተግባር ሲፈጽሙ ቢለኩ እንቅስቃሴያቸው በእጅጉ ይመሳሰላል። ስፍር ቍጥር ከሌላቸው መንገዶች መካከል ይህ አንዱ ስለ ምን ተለየ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሹ ተመራማሪዎች ከሒሳብና ከምሕንድስና የተዋሱት አንድ የአስተሳሰብ ስልት አለ። ይኸውም «እንቅስቃሴው እንዲህ የሆነው በአንድ መመዘኛ ሲታይ ከሌሎቹ ሁሉ የሚሻለው ስለሆነ ነው» የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው ይህን የአስተሳሰብ ስልት ከመነሻው አንሥቶ በቅደም ተከተል ማስረዳት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለዋና ዋናዎቹ የሙያ ቃላት የሚቀርቡትን የአማርኛ አቻዎች መመርመር ነው። ሁለቱ ዓላማዎች የተለያዩ መስለው ቢታዩም አይነጣጠሉም። በሙያው ሊቃውንት ዘንድ እስከ ዛሬ እልባት ያላገኘ አንድ ክርክር አለና፣ ተርጓሚው ቃሉንና ግሡን ሳያስተውል ከመረጠ ክርክሩን ሳያውቀው ለአንዱ ወገን ይፈርዳል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መላወሻና ትርፍ

ጥያቄውን በሳይንስ መልክ ካቀረቡት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ሩስያዊው ኒኮላይ በርንሽታይን (1896–1966) ነው። በርንሽታይን በ1920ዎቹ ዓመታት በሞስኮ ማእከላዊ የሥራ ተቋም ውስጥ በመዶሻ መሮ የሚመቱ ሠራተኞችን በፎቶግራፍ አጥንቷል። በክንድ መገጣጠሚያዎች ላይ ጥቃቅን አምፖሎች ይታሠሩና ብርሃናቸው በፊልም ላይ የሚተወው ፈለግ ይለካ ነበር። ሥራውን ጠንቅቆ በሚያውቅ ሠራተኛ እጅ የመዶሻው ጫፍ ከምት ወደ ምት የሚያሳየው ልዩነት አነስተኛ ሲሆን፣ የየመገጣጠሚያው እንቅስቃሴ ግን ከዚያ በበለጠ ይለዋወጣል። ትከሻ፣ ክርንና የእጅ አንጓ የአንዱን ጉድለት ሌላው እየሞላ ለመዶሻው ይሠራሉ ማለት ነው።

ይህ ሊሆን የቻለው ክንድ ሥራው ከሚጠይቀው በላይ መንቀሳቀሻ ስላለው ነው። ትከሻ በሦስት፣ ክርን በአንድ፣ የክንዱ የታችኛው ክፍል በመገልበጥና በመዘርጋት በአንድ፣ የእጅ አንጓ በሁለት መንገድ ይንቀሳቀሳሉ፤ ድምራቸው ሰባት ነው። እጅን በአንድ ነጥብ ላይ በተፈለገው አቅጣጫ ለማድረግ ግን ስድስት ይበቃል። ከዚህም ላይ የጡንቻዎቹ ብዛት ሲታሰብ ምርጫው ይበልጥ ይበዛል።

ይህ ጽንሰ ሐሳብ በእንግሊዝኛ «ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም» ይባላል። ቃል በቃል «የነጻነት ደረጃዎች» ብሎ መተርጐም አያስኬድም። «ነጻነት» በአማርኛ ከሕዝብና ከሰው መብት ጋር የተቈራኘ ቃል ነው። «ደረጃ» ደግሞ ከፍና ዝቅ ያለ ማዕርግን ያመለክታል። አንባቢው «ክንድ ሰባት የነጻነት ደረጃ አለው» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲያገኝ ሰባተኛው ከስድስተኛው ከፍ ያለ ይመስለዋል። በዚህ ፈንታ ቋንቋው ራሱ ያዘጋጀው ቃል አለ። ሰው ቦታ ሲጠብበት ወይም አማራጭ ሲያጣ «መላወሻ አጣ» ይባላል። «መላወሻ» የሚንቀሳቀሱበትን ክፍት አቅጣጫ የሚያመለክት፣ ሊቈጠርም የሚችል ቃል ነው። «ክንድ ሰባት መላወሻዎች አሉት» ቢባል ጽንሰ ሐሳቡ ሳይጐድል ይተላለፋል።

ከሚያስፈልገው በላይ ያለው መላወሻ በእንግሊዝኛ «ሪደንደንሲ» ይባላል፤ ለዚህ የሚቀርበው ቃል «ትርፍ» ነው። ከዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። «ትርፍ አንጀት» በሚለው አጠራር ውስጥ ትርፍ ማለት የማያስፈልግ፣ ቢወገድ የማይጐዳ ማለት ነው። በነጋዴ አነጋገር ግን ትርፍ የድካም ፍሬ ነው። በሙያው ውስጥም ይኸው ክርክር አለ። ማርክ ላታሽ በ2012 ባወጣው ጽሑፍ የመላወሻ መብዛት ለአንጎል ችግር ሳይሆን ሀብት እንደሆነ፣ ስለዚህም የእንግሊዝኛው ስያሜ ሊለወጥ እንደሚገባ ተከራክሯል። እንግሊዝኛው ሁለት ቃል ያስፈለገውን ነገር አማርኛው በአንድ ቃል ሁለት ፍች ይዞታል። «ትርፍ» የሚለውን መያዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ደራሲው ሸክምን ነው ወይስ ሀብትን የሚያመለክተው የሚለው በዐረፍተ ነገሩ ግልጽ መሆን አለበት።

2. «ኦፕቲማል»

የመላወሻ ትርፍ ካለ ምርጫ አለ። ምርጫውን በሒሳብ የሚገልጸው ቃል «ኦፕቲማል» ነው። ለዚህ ቃል አቻ ሆነው ሊቀርቡ ከሚችሉት ውስጥ «ፍጹም»፣ «የላቀ»፣ «አመቺ» እና «ምርጥ» የሚሉት ይገኛሉ።

«ፍጹም» እንከን የሌለውን ያመለክታል፤ ኦፕቲማል የሆነ ነገር ግን እንከን ሊኖረው ይችላል፤ ሌሎቹ አማራጮች የባሰ እንከን ካላቸው ይበቃል። «የላቀ» በምን እንደ ላቀ አይጠይቅም። «አመቺ» ለተጠቃሚው ምቹ መሆንን እንጂ ከሌሎች ጋር መነጻጸርን አይናገርም። «ምርጥ» ግን «መረጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ ከምን ተመረጠ፣ በምን ተመረጠ የሚሉትን ጥያቄዎች ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። ገበሬውም ይህን ከቀድሞ ያውቀዋል። ለደጋ «ምርጥ ዘር» የሆነው ለቆላ ምርጥ ላይሆን ይችላል፤ ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ተመርጦ የወጣው በድርቅ አገር ሊከስር ይችላል። «ምርጥ ዘር» ሲባል በዓለም ላይ ካለው ዘር ሁሉ የሚበልጥ ነው የሚል ገበሬ የለም።

ስለሆነም «ምርጥ» የሚለው ቃል ለ«ኦፕቲማል» አቻ እንዲሆን ይቀርባል። በቃሉ የሚሠራ ዐረፍተ ነገርም ለአራት ጥያቄዎች መልስ ሊኖረው ይገባል። ከየትኞቹ አማራጮች? በየትኛው ገደብ ውስጥ? በየትኛው መመዘኛ? በማን ተመረጠ? የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሒሳቡ ሊቅ በግልጽ ጽፎ ያስቀምጣቸዋል። አራተኛውን ግን ሒሳቡ አይመልሰውም፤ በዚህ ጽሑፍ 6ኛ ክፍል እንመለስበታለን።

ምርጡን ለማግኘት የሚደረገው የሒሳብ ሥራ፣ በእንግሊዝኛ «ኦፕቲማይዜሽን»፣ «ምርጥ ፍለጋ» ቢባል ይስማማል። «ማመቻቸት» የሚለው ቃል ሁኔታን ማደላደልን ስለሚያመለክት ለዚህ አይሆንም።

3. ወጪ ወይስ ዋጋ?

መመዘኛው በሒሳብ የሚጻፈው አንድ እንቅስቃሴ ምን ያህል «እንደሚያስከፍል» በሚናገር ቀመር ነው። ምርጡ እንቅስቃሴ ይህን ቍጥር ከሁሉ ዝቅ የሚያደርገው ነው። የእንግሊዝኛው ቃል «ኮስት» ነው። በአማርኛ ፈጥኖ የሚመጣው «ዋጋ» የሚለው ቃል ነው፤ ሆኖም በሒሳብ ትምህርት «ዋጋ» የአንድን ተለዋዋጭ መጠን ቍጥራዊ ልክ ለመግለጽ ቀደም ብሎ ተይዟል። «የዋጋው ዝቅተኛ ዋጋ» የሚል ዐረፍተ ነገር ማንንም ያደናግራል። ስለዚህ «ወጪ» የሚለው ይሻላል፤ ቀመሩም «የወጪ ቀመር» ይባላል።

ወጪ በቀጥታ ፍችው የሚገባበት ምሳሌ የእግር ጉዞ ነው። ኤች. ጄ. ራልስተን በ1958 ባሳተመው ጥናት ሰዎች በልዩ ልዩ ፍጥነት ሲራመዱ የሚያወጡትን ጉልበት ከተጓዙት ርቀት ጋር አነጻጽሯል። ሰው እጅግ ቀስ ብሎ ከተራመደ መንገዱ ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ ሰውነቱ ለመኖርና ለመቆም ብቻ የሚያወጣው ጉልበት በየሜትሩ ላይ ይከመራል። እጅግ ከፈጠነ ደግሞ የጡንቻዎቹ ሥራ ይበዛል። በሁለቱ መካከል ለአንድ ሜትር የሚወጣው ጉልበት ከሁሉ የሚያንስበት ፍጥነት አለ፤ ሰዎችም ማንም ሳያዛቸው በራሳቸው ፈቃድ ሲራመዱ የሚይዙት ፍጥነት ለዚህ የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። እዚህ ላይ ወጪ ማለት በእውነት የሚወጣ ነገር ነው፤ በሚተነፈሰው ኦክስጅን ይለካል።

ወጪ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ቀጥሎ በምንመለከተው ምሳሌ ማንም ምንም አይከፍልም፤ «ወጪ» የሚባለው የሒሳቡ ሊቅ ያነሰ እንዲሆን የወሰነው መጠን ብቻ ነው። ተርጓሚው ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ የቀመር ወጪ የጉልበት ወጪ መስሎ ይነበባል።

4. መንገጫገጭ

ፒየትሮ ሞራሶ በ1981 ባሳተመው ጥናት ሰዎች እጃቸውን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ነጥብ ሲያንቀሳቅሱ የእጃቸው መንገድ ወደ ቀጥታ መሥመር የቀረበ፣ የፍጥነቱም ግራፍ አንድ ከፍታ ብቻ ያለው የደወል ቅርፅ እንደሆነ አሳየ። የክርንና የትከሻ እንቅስቃሴ ግን እንደ ቦታው ይለያያል። ኔቪል ሆጋን በ1984፣ ከዚያም ታማር ፍላሽና ሆጋን በ1985 ለዚህ የሚከተለውን ማብራሪያ አቀረቡ።

ቦታ በጊዜ ውስጥ ሲለወጥ ፍጥነት ይባላል። ፍጥነት ሲለወጥ ፍጥንጥነት ይባላል። ፍጥንጥነት ራሱ ሲለወጥ የለውጡ መጠን በእንግሊዝኛ «ጀርክ» ይባላል። በአውቶቡስ የሚሄድ መንገደኛ ይህን በሰውነቱ ያውቀዋል። አውቶቡሱ ሳይዋዥቅ ቢፈጥን መንገደኛው ወደ ወንበሩ ይጫናል እንጂ አይናወጥም፤ የሚናወጠው ሾፌሩ ፍሬኑን በድንገት ሲይዝ ወይም ሲለቅ ነው። ስለዚህ ለዚህ መጠን «መንገጫገጭ» የሚለው ቃል ቀርቧል። አንድ ጉድለት አለው። ቃሉ በድርብ የተሠራ በመሆኑ መደጋገምን ያሳስባል፤ ጀርክ ግን ለአንዲት ቅጽበትም ይለካል። ፍቺው በቍጥር በሚሰጥበት ቦታ «የፍጥንጥነት ለውጥ መጠን» ማለት ይህን ጉድለት ይሞላል።

እንግዲህ የሆጋንና የፍላሽ ሐሳብ እጅ የሚመርጠው መንገድ ከመነሻ እስከ መድረሻ የመንገጫገጩ ካሬ ድምር ከሁሉ የሚያንስበት ነው የሚል ነው። እጁ ከዕረፍት ተነሥቶ በዕረፍት የሚጨርስ ከሆነ ሒሳቡ አንድ መልስ ብቻ ይሰጣል። ያለፈው ጊዜ ከጠቅላላው ጊዜ ያለውን ድርሻ «ጊ» ብንለው፣ የተጓዘው ርቀት ድርሻ

10ጊ³ − 15ጊ⁴ + 6ጊ⁵

ይሆናል። በጊዜው ሩብ ላይ እጁ ከመንገዱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ተጕዟል፤ በጊዜው አጋማሽ ላይ ደግሞ ልክ ግማሹን። ከፍተኛው ፍጥነት የአማካዩ 1.875 እጥፍ ነው። ይህ ቀመር ስለ ጡንቻ፣ ስለ ክንድ ርዝመት ወይም ስለ ክብደት አንዳች አይናገርም፤ ሆኖም ከተለካው የደወል ቅርፅ ጋር በጥሩ ሁኔታ ይገጥማል።

ጥንካሬው ያው ደካማ ጎኑ ነው። ዮጂ ኡኖ፣ ሚትሱኦ ካዋቶና ሪዮጂ ሱዙኪ በ1989 በጃፓን ባቀረቡት ሌላ ሐሳብ መመዘኛው የእጅ መንገድ ልስላሴ ሳይሆን በመገጣጠሚያዎች ላይ ያለው የመጠምዘዝ ኃይል ለውጥ ነው አሉ። ይህ ቀመር የክንዱን ክብደትና ርዝመት ስለሚያስገባ አንዳንድ እንቅስቃሴዎች ለምን ጐበጥ ብለው እንደሚሄዱ ማስረዳት ይችላል። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ልዩ ልዩ ወጪዎች ለብዙ እንቅስቃሴ ተመሳሳይ መልስ ሊሰጡ መቻላቸውን ነው።

5. መዋዠቅና ግብረ መልስ

«ለመሆኑ አንጎል የመንገጫገጭን ካሬ ምን ብሎ ይደምራል? ቢያንስስ ምን ይጠቅመዋል?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቆየ። ክሪስቶፈር ሃሪስና ዳንኤል ዎልፐርት በ1998 ሌላ መንገድ አሳዩ። ወደ ጡንቻ የሚተላለፍ ትእዛዝ ሁልጊዜ እንደ ታዘዘ አይደርስም፤ ከፍና ዝቅ ይላል። ትእዛዙ በበረታ መጠንም መዛነፉ ይበረታል። ስለዚህ ሲኒውን ሳይስት ሊይዝ የሚፈልግ እጅ ያለ አስፈላጊነቱ ብርቱ ትእዛዝ መስጠት የለበትም። ወጪው የመድረሻ ቦታ መበታተን እንዲሆን አድርገው ሲያሰሉ ልስልሱ የደወል ቅርፅ ራሱ ወጣ። ልስላሴ ግብ መሆኑ ቀርቶ ውጤት ሆነ።

ይኸው ሐሳብ ፖል ፊትስ በ1954 ያገኘውን ሕግ ለማስረዳትም ረድቷል። ፊትስ እንዳሳየው አንድን ዒላማ ለመንካት የሚፈጀው ጊዜ የሚወሰነው በርቀቱና በዒላማው ስፋት ንጥጥር ነው። ርቀቱም ስፋቱም በእጥፍ ቢያድጉ ጊዜው አይለወጥም፤ ዒላማው ብቻ ቢጠብ ግን ጊዜው ይረዝማል። የሃሪስና የዎልፐርት ማብራሪያ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ መፍጠን ብርቱ ትእዛዝ ይሻል፤ ብርቱ ትእዛዝ ደግሞ ይበትናል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት የተናገረውን ነው ቀመሩ በቍጥር ያስቀመጠው።

በእንግሊዝኛ ይህ የትእዛዝ መዛነፍ «ኖይዝ» ይባላል። ቃል በቃል «ጫጫታ» ወይም «ድምፅ» ብሎ መተርጐም በጡንቻ ውስጥ የሚሰማ ነገር ያለ ያስመስላል። «ሁከት» ደግሞ ሁከተኛ ያስፈልገዋል። የገበያ ዋጋ ሳይታሰብ ከፍ ዝቅ ሲል «ዋዠቀ» እንደሚባል ሁሉ፣ «የትእዛዝ መዋዠቅ» ቢባል ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይገባል።

ቀጥሎ የመጣው እርምጃ የኢማኑኤል ቶዶሮቭና የማይክል ጆርዳን ሥራ ነው (2002)። እስከዚያ ድረስ የነበሩት ሐሳቦች ምርጡን መንገድ አስቀድሞ ዐቅዶ ኋላ መፈጸምን የሚያስቡ ነበሩ። እነዚህ ሁለት ሊቃውንት ግን ሪቻርድ ቤልማን በአሜሪካ፣ ሌቭ ፖንትርያጊን በዚያን ጊዜዋ ሶቭየት ኅብረት በ1950ዎቹ ካዳበሩት የሒሳብ ዘርፍ በመነሣት ምርጡ መንገዱ ሳይሆን ደንቡ ነው አሉ። ደንቡ በየቅጽበቱ ከዐይን፣ ከጡንቻና ከቆዳ የሚመጣውን ወሬ ተቀብሎ «አሁን ባለህበት ሁኔታ ይህን እዘዝ» የሚል ነው። ከደንቡም አንድ አስፈላጊ ነገር ይከተላል፤ ግቡን የማይጐዳ መዛነፍ አይታረምም። ማረም ራሱ ትእዛዝ ስለሚጠይቅ፣ ትእዛዝም ወጪና መዋዠቅ ስላለው ነው። የበርንሽታይን መዶሻ ምስጢርም በዚህ ይፈታል። የመዶሻውን ጫፍ የሚያስት መዛነፍ ይታረማል፤ በክርንና በትከሻ መካከል የሚቻቻለው ግን ይተዋል። ይህን «እርማትን የመቈጠብ መርሕ» ብንለው «ጣልቃ ገብነት» ከሚለው የፖለቲካ ቃል እንድናለን።

ሁለት ስያሜዎች እዚህ ላይ ይነሣሉ። «ፊድባክ» ለሚለው «ግብረ መልስ» የሚለው ስለተለመደ መለወጥ አያስፈልግም፤ በቢሮ አነጋገር የሰው አስተያየት ማለት ቢሆንም በዚህ ሙያ ግን ከስሜት ሕዋሳት የሚመለስ ወሬ ብቻ መሆኑ ይገለጽ። «ኮንትሮል» ለሚለው ደግሞ «ቁጥጥር» እና «ምሪት» ሊወዳደሩ ይችላሉ። «ምሪት» ከ«መራ» የወጣና ለእንቅስቃሴ የሚስማማ ቃል ነው፤ ነገር ግን በከተማ የመሬት አሰጣጥን ለመግለጽ ስለሚሠራበት ያሻማል። «ቁጥጥር» ደግሞ የተቈጣጣሪ ሹም ጠረን አለው። ይሁን እንጂ ትእዛዝና ክትትል በአንድ ላይ የሚገኙበት ደንብ ስለሆነ «ቁጥጥር» ለጽንሰ ሐሳቡ ይቀርባል። ጠቅላላው ስያሜም «በግብረ መልስ የሚመራ ምርጥ ቁጥጥር» ይሆናል።

6. መራጩ ማን ነው?

አሁን በ2ኛው ክፍል ወዳቆየነው አራተኛው ጥያቄ እንመለስ። በ17ኛው መቶ ዓመት ፒየር ደ ፌርማ ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ የሚታጠፍበትን መንገድ ከሁሉ ያነሰ ጊዜ የሚፈጀው መንገድ ነው በሚል መርሕ አስረድቷል። ሆኖም ብርሃን መንገዶቹን አነጻጽሮ መረጠ የሚል የለም። ሒሳቡ ምርጥ መሆኑን ይናገራል እንጂ ምርጫ ተደረገ አይልም።

ስለ ሰው እንቅስቃሴ ሲነገር ግን ይህ ልዩነት በቀላሉ ይጠፋል። መንገዱ በመመዘኛው ምርጥ ሆኖ መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ አንጎል አማራጮችን መርምሮ መምረጡ ሌላ ነው። መራጩ በብዙ ሺህ ትውልድ የተካሄደው አዝጋሚ ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ በልጅነት የተደረገ ረጅም ልምምድ ሊሆን ይችላል፤ በዚያችው ቅጽበት የሚካሄድ ፍለጋም ሊሆን ይችላል። ማስረጃውም አንድ ወገን ብቻ የሚደግፍ አይደለም። ጄሲካ ሴሊንጀርና ባልደረቦችዋ በ2015 ባወጡት ጥናት በጉልበት ላይ የሚታሠር መሣሪያ ተጠቅመው ከሁሉ ያነሰ ጉልበት የሚያስወጣውን የእርምጃ ብዛት ከቀድሞው ቦታ አዛወሩት፤ ተራማጆቹም በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አዲሱ ምርጥ ተጠጉ። እዚህ ላይ ሰውነት ራሱ ይፈልጋል ለማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ኤማር ደ ሩጊ፣ ጄራልድ ሎብና ቲሞቲ ካሮል በ2012 የእጅ አንጓ ጡንቻዎችን አሠራር ለውጠው ሲፈትኑ ሰዎቹ አዲስ ምርጥ ከማስላት ይልቅ የለመዱትን የጡንቻ አሰላለፍ ማብዛትና ማሳነስ መርጠዋል። ሎብ በዚያው ዓመት በጻፈው ሌላ ጽሑፍ ለሕያው ፍጡር የሚበቃ መልስ ከምርጡ መልስ ይልቅ ይጠቅመዋል የሚል ክርክር አቅርቧል።

ከዚህም ሌላ አንድ አደጋ አለ። ማንኛውም እንቅስቃሴ ቢቀርብ እርሱን ምርጥ የሚያደርግ አንድ የወጪ ቀመር ፈልጎ ማግኘት ብዙውን ጊዜ ይቻላል። እንቅስቃሴውን አይቶ ቀመር መሥራት፣ ከዚያም በዚያው ቀመር እንቅስቃሴውን አስረዳሁ ማለት በክብ መዞር ነው። ቀመሩ የሚመዘነው ገና ያልተለካን እንቅስቃሴ አስቀድሞ በትክክል ሲተነብይ ነው።

እንግዲህ ተርጓሚው ምን ያድርግ? የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ባለቤቱን በማይገልጽ ስም ያልፈዋል። የአማርኛ ግሥ ግን ባለቤቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል፤ «ይመርጣል» ሲባል የሚመርጥ አለ። በመሆኑም ሦስት አነጋገሮችን መለየት ይጠቅማል።

ሀ) «እንቅስቃሴው በዚህ መመዘኛ ምርጥ ሆኖ ተገኘ»፤ ይህ ቀመሩ ከልኬቱ ጋር መግጠሙን ብቻ ይናገራል።

ለ) «እንቅስቃሴው በልምምድ ወደ ምርጡ ተጠጋ»፤ ይህ በጊዜ ውስጥ የሆነ ለውጥ መኖሩን ይናገራል፤ ማስረጃም ይሻል።

ሐ) «አንጎል ምርጡን መረጠ»፤ ይህ በአንጎል ውስጥ የሚካሄድ ፍለጋ መኖሩን ይናገራል፤ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሻውም ይህ ነው።

ደራሲው በግልጽ ሐ)ን ካላለ ተርጓሚው ሀ)ን ይያዝ።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። እግሩን በሕመም ምክንያት የሚያነክስ ሰው አረማመድ በጤነኛው ገደብ ቢመዘን ምርጥ አይደለም፤ በራሱ ገደብ፣ በሚያመው መገጣጠሚያና በደከመው ጡንቻ ቢመዘን ግን ምርጥ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለ ሕክምና በሚጻፍ መጽሐፍ ውስጥ ገደቡ ሳይጠቀስ «ምርጥ ያልሆነ አረማመድ» ተብሎ ቢተረጐም አንባቢው መታረም ያለበት ስሕተት ነው ብሎ ይረዳል። ገደቡ ሳይለወጥ አረማመዱ ብቻ እንዲለወጥ ቢገፋ በሽተኛው በበለጠ ሊደክም ይችላል።

7. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

መላወሻ፤ አንድ አካል ሊንቀሳቀስባቸው ከሚችሉት ራሳቸውን ከቻሉ አቅጣጫዎች እያንዳንዱ።

ትርፍ (የመላወሻ)፤ ተግባሩ ከሚጠይቀው በላይ ያለ መላወሻ፤ ሸክም ወይም ሀብት መሆኑ ከዐረፍተ ነገሩ የሚታወቅ።

ምርጥ፤ በተወሰነ ገደብ ውስጥ፣ በተወሰነ መመዘኛ ከተሰጡት አማራጮች ሁሉ የሚሻል።

ምርጥ ፍለጋ፤ ምርጡን ለማግኘት የሚካሄድ ስሌት ወይም ሂደት።

ገደብ፤ አማራጮቹ ሊያልፉት የማይችሉት ወሰን።

የወጪ ቀመር፤ ለእያንዳንዱ አማራጭ ያነሰ እንዲሆን የሚፈለግ አንድ ቍጥር የሚሰጥ ቀመር።

መንገጫገጭ፤ የፍጥንጥነት ለውጥ መጠን።

መዋዠቅ፤ ትእዛዝ ወይም ወሬ በማይተነበይ ሁኔታ ከፍና ዝቅ ማለቱ።

ግብረ መልስ፤ ስለ እንቅስቃሴው ሁኔታ ከስሜት ሕዋሳት የሚመለስ ወሬ።

ቁጥጥር፤ ሁኔታን እየተከታተሉ ትእዛዝ የመስጠት ሥራ።

እርማትን የመቈጠብ መርሕ፤ ግቡን የማይጐዳ መዛነፍን ሳያርሙ የማለፍ ደንብ።

ከእነዚህ ውስጥ «መንገጫገጭ» እና «ቁጥጥር» የሚሉት ከዚህ የተሻለ ቃል ሊገኝላቸው ይችላል። «ምርጥ» የሚለው ግን ሌላ ቃል ቢተካውም እንኳ፣ ተተኪው ከምን፣ በምን ገደብና በምን መመዘኛ የሚሉትን ጥያቄዎች የሚያስነሣ፣ በማን ለሚለው ግን ሳይንሱ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ቦታውን ክፍት የሚተው መሆን ይኖርበታል።